ውሃው የት እንደ ደረሰ

«አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የገባው አፍሽ ነው፤ ዓይንሽ እስከ ዛሬ ውጭ ቆሟል።»

እንዲህ ያሉኝ ጋሽ ሽፋ ናቸው። ሐሙስ ቀን፣ ግቢያችን በር ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። ሰምቶ ዝም ቢል ጥሩ፤ ሳቀ። እኔ ደግሞ በሰው መሳቅ እንጂ ሲሳቅብኝ አልወድም። ከዚያ ወዲያ በሁለት ቀን ውስጥ ያደረግሁትን ልነግራችሁ ነው፤ ግን «ተናድጄ ነው» ብዬ ልሸውዳችሁ አልፈልግም። ንዴቱ ግማሹ ነው። ግማሹ ሽንት ቤት ነው።

ላስረዳችሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ዱባይ ተራ በሰው ሱቅ ጫማ እሸጥ ነበር። «እህት፣ ግቢ፣ ቁጥርሽ አለ!» ስል ውዬ ጉሮሮዬ ተልጦ እገባለሁ። እናቴ የሞተችው ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። የተወችልኝ አንድ የቀበሌ ክፍልና አንድ የማልወደው ስም ነው፦ ዘነበች። ለሁሉም ሰው «ዜኒ በሉኝ» ብዬ አስለምጃለሁ። ዘነበች ብለው የሚጠሩኝ ጋሽ ሽፋ ብቻ ነበሩ።

ቤታችን ከምን አለሽ ተራ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው የነበረው። ወንዝ ስላችሁ በጋ ላይ ፌስታልና ጥቁር ውሃ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ያበደ በሬ ይሆናል። ቤቱ ፎቅ ነው። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት፤ ወደ ወንዙ የዞረ ረጅም በረንዳ አለው፣ የበረንዳው ክፈፍ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ። ያሠራው ጥንት ቆዳ ይነግድ የነበረ የመናዊ ነው። ቆዳው ምድር ቤቱ ውስጥ ይከመራል፣ ከዚያ በዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ እታች ባለው ሰፊ የድንጋይ መደብ ላይ ይታጠባል። ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ወዲያ እንደ እኛ ያሉ ሁለት ቤቶች። ሁሉም የአንድ ዘመን ሥራ ናቸው። ጣሊያን ሲገባ የእኛን ቤት መጋዘን አደረገው። ጣሊያን ሲወጣ የመናዊው ተመልሶ ገባ። ደርግ መጣና «ትርፍ ቤት» ብሎ ወረሰው፤ ቀበሌ ደግሞ በቺፑድ ከፋፍሎ ለሰባት አባወራ አከራየው። ለሰባት አባወራ ሽንት ቤት አንድ። ያውም ደረጃ ተወርዶ። ያውም በሩ በሽቦ የሚታሰር።

ይህን ሁሉ የማውቀው ወድጄ አይደለም። ጋሽ ሽፋ ሲያወሩት አድጌ ነው። አባታቸው ከጉራጌ አገር የመጡ ግንበኛ ነበሩ፤ ያንን ቤትና ወንዙን ይዞ የቆመውን ግንብ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ሽፋ እዚያው ተወለዱ፣ ምን አለሽ ተራ በርሜል እየቆረጡ ምድጃ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ፣ በመጨረሻ ሞራ ዓይናቸውን ሸፈነውና ከእኔ ክፍል ጎን ባለው ክፍላቸው ተቀመጡ። ሰው የሚለዩት በኮቴው ነበር።

አሁን ወደ ግንቡ ልምጣ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና።

አባትየው ፊደል አልቆጠሩም። ግን በየክረምቱ፣ ወንዙ በዚያ ዓመት ከሁሉ ከፍ ብሎ የደረሰበትን ቦታ ግንቡ ላይ በመሮ አንድ መስመር ይቀርጹ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ሄደው ሌላ መስመር። ከመስመሩ አጠገብ የዓመቱን ምልክት ያኖራሉ፤ ውሃው ፍየል የወሰደ ዓመት ፍየል፣ አንበጣ የመጣ ዓመት አንበጣ። እሳቸው ሲሞቱ መሮውን ጋሽ ሽፋ ተረከቡ፤ ፊደል ቆጥረው ስለነበር ዓመተ ምሕረቱን በቁጥር መጻፍ ጀመሩ። አንድም ክረምት አልዘለሉም። ሰባ ምናምን መስመር፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያለ፣ ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፍ።

ጥቅም አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ዶፍ ሲወርድ ጋሽ ሽፋ ደረጃው ላይ ቆመው አንዱን ጎረቤት ውሃው የትኛው መስመር እንደደረሰ እያስነበቡ ይጠባበቃሉ። «ፍየሏን አለፈ!» ብለው ከጮኹ ምድር ቤት ያለ ሰው ዕቃውን ያወጣል፤ ምክንያቱም ፍየሏን ካለፈ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በር ጋ ይደርሳል። እኛ ይህን እንደ መብራት መጥፋት ለምደነዋል። የለመዱትን ነገር ማን ያየዋል?

ሐሙስ ዕለት አንዲት ወጣት ሴት ሜትርና ካሜራ ይዛ መጣች። በወንዙ ዳር ያሉ ጥንታዊ ቤቶችንና ድልድዮችን ትመዘግባለች። የቅርስ መዝጋቢ ናት። ጠይም፣ ቀጭን፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፤ ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ነው፣ የእኔ ዓይን ቶሎ የሚያየው እሱን ነው።

እትዬ ታየች ምድር ቤት የሚኖሩ፣ በርበሬ እየቀነጠሱ የሚሸጡ፣ ጉልበታቸው ያበጠ ጎረቤታችን ናቸው። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ጠየቋት።

«ተመዝግቦ ምን ሊሆን ነው፣ ልጄ?»

«ቅርስ ሆኖ ከጸደቀ አይፈርስም፣ እማማ።»

«ካልተመዘገበስ?»

«ወንዝ ዳሩ ለልማት ተከልሏል። ካልተመዘገበ ይፈርሳል።»

ግቢው ጸጥ አለ። መዝጋቢዋ ደንግጠን መሰላት። እኛ ግን ሁላችንም አንድ ነገር እያሰብን ነበር፦ ከፈረሰ ኮንዶሚኒየም ይሰጠናል። ቧንቧ ቤት ውስጥ። ሽንት ቤት ቤት ውስጥ፣ በቁልፍ! እትዬ ታየች ሌሊት ደረጃ ላይ ተቀምጠው በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ሲወርዱ ስንት ጊዜ ደግፌአቸዋለሁ።

«ዕድሜውን የሚያሳይ ነገር አላችሁ?» አለች መዝጋቢዋ። «ፎቶ፣ ካርታ፣ ጽሑፍ? መቼ እንደተሠራ ማስረጃ ከሌለው አያልፍልኝም።»

እኔ ቀደምኩ። «የምን ዕድሜ! በደርግ ጊዜ የተሠራ ነው፣ አያያዛችን ከፍቶ ቶሎ አረጀ እንጂ። ያለው ግንቡ ላይ የጋሽ ሽፋ ጭረት ነው፤ እሱም ፍየል የታከከችበት ይመስላል።»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ሽፋ ግቢው በር ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ነበር። ያን ጊዜ ነው ያንን ያሉኝ፤ «ትምህርት ቤት የገባው አፍሽ ነው።» ሳቁ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። ደጀኔ የሚባለው ለሳኝ ጎረቤታችን «ተነፈሰች! ዜኒ ተነፈሰች!» እያለ አጨበጨበ።

ጋሽ ሽፋ ለልጅቱ የመስመሮቹን ነገር አስረዷት። ዓይኗ በራ። ግን ድልድዩን ሳትለካ እንዲመሽባት አልፈለገችም። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ አባባ። አንድ በአንድ ፎቶ አነሣዋለሁ። ይሄ ካለ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም» አለችና ሄደች።

ማምሻውን ጋሽ ሽፋ በሬን አንኳኩ።

«ዘነበች፣ ከፍቶሻል?»

«ኧረ የለም፣ ጋሼ።»

«ከፍቶሻል። ኮቴሽ ሲገባ ከባድ ነበር። ስሚ፣ ነገ ለልጅቱ የምታነቢላት አንቺ ነሽ። እኔ በጣቴ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ የእኔ ጣት ግን ለእሷ ወረቀት አይሆንም። የተማረ ሰው ያንብብላት። እኔ ታሪኩን እነግራለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

ቃል ነው ይሄ። «እሺ» ብያለሁ።

እሺ ብዬ በሩን ዘጋሁና ወደ እትዬ ታየች ወረድኩ። ደጀኔም እዚያ ነበር። እትዬ ታየች ጉልበታቸውን በቫዝሊን እያሹ፣ «እንግዲህ ቅርስ ልንሆን ነው» አሉ። «እኔን ከነጉልበቴ መዝግበው ሙዚየም ያቁሙኝ።»

«ሽማግሌውን ለምነን ነገ ዝም እንዲሉ ብናደርግስ?» አለ ደጀኔ።

«ሽፋን? የአባቱን ነገር? ሞትን ብትለምን ይሻልሃል» አሉ እትዬ ታየች።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። «ነገ ጁምዓ አይደል?» አልኩ። «ጋሼ አምስት ሰዓት ተኩል ወጥተው ስምንት ተኩል ነው የሚመለሱት። ደጀኔ፣ ሲሚንቶ አለህ?»

ደጀኔ አየኝ። «አንቺ ሰይጣን ነሽ።»

«አለህ ወይስ የለህም?»

«ሁለት ከረጢት ተርፎኛል።»

በማግስቱ ጋሽ ሽፋ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሽቶ ቢጤ ነክተው ወጡ። እኔ ለሱቁ ሰውዬ «አሞኛል» ብዬ ቀርቼ ነበር። በሩ ላይ ቆመው «ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ ዘነበች። ድምፅሽን ነገር እንዳይዘው፣ በደንብ አንብቢላት» አሉኝ።

ዘጠኙን ደረጃ ወረድን። ከላይ ከምን አለሽ ተራ የመዶሻው ድምፅ ይወርዳል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ይመስላል። ደጀኔ አቦካ፣ እኔ አቀበልኩ። ግንቡን በሙሉ አልለሰንነውም፤ መስመሮቹ ያሉበትን ብቻ፣ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ስፋት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ደጀኔ ጭረቱን ከድንጋዩ ስንጥቅ ስለማይለይ «ይሄ ነው? ይሄስ?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔ አሳየዋለሁ። አያችሁ፣ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያነበብኳቸው። ሰባ ምናምኑንም። ፍየሏ ቀንድ ነበራት፤ ቀንድ እንዳላት አላውቅም ነበር። አንበጣው ስድስት እግር ነበረው፤ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ስድስት ቆጥረው ቀርጸውታል። ያነበብኩትን እየሸፈንኩ ሄድኩ።

መሐል አልፈን ጥቂት እንደሄድን ደጀኔ ቆመ። «ይሄኛውስ? ቁጥር አለው፤ አጠገቡ ደግሞ ትንሽ እግር ነገር።»

አውቀዋለሁ። የተወለድኩበት ዓመት ነው። እናቴ ያኔ ምድር ቤት ነበር የምትኖረው፤ በወለደችኝ በሦስተኛው ቀን ወንዙ ገባ። ጋሽ ሽፋ እኔን በጨርቅ ጠቅልለው ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ደረጃውን ወጡ። ስሜም የመጣው ከዚያ ነው። ውሃው ሲጎድል ተመልሰው ወርደው መስመሩን ቀረጹ፤ አጠገቡ የሕፃን እግር። ይህን መቶ ጊዜ ነግረውኛል፤ መቶውንም ጊዜ አዛግቼበታለሁ።

«እሱንም ምታው» አልኩት።

መታው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መዝጋቢዋ መጣች። ጋሽ ሽፋ ከሶላት መልስ ልብሳቸውን እንኳ አልቀየሩም። እጇን ይዘው፣ ልክ እሷ ማየት የማትችል ይመስል፣ «ቀስ፣ እዚህ ጋ ስድስተኛው ደረጃ ተሸርፏል» እያሉ አወረዷት። ጎረቤቱ ተከተለ። እኔ ከኋላ።

መደቡ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ሽፋ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ግንቡ ሄዱ። «የመጀመሪያዋ እዚህ ናት፣ የአባቴ እጅ ሥራ...» ጣታቸው ልስኑ ላይ አረፈ። ቆመ። ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደ። ቆመ። መዳፋቸውን በሙሉ ዘርግተው አሳረፉት፤ ሲያነሡት የአምስት ጣታቸው አሻራ እርጥቡ ላይ ቀረ። እጃቸውን አሸተቱ።

ወንዙ ብቻ ሽልል ይላል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች መዝጋቢዋ። «አሁን የተለሰነ ነው።»

እትዬ ታየች ከደረጃው ላይ «ክረምት እየመጣ ነው፣ ልጄ፤ ውሃ እንዳይገባብን ነው» አሉ።

ጋሽ ሽፋ አልጮኹም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ የት እንደቆምኩ ያውቃሉ።

«ዘነበች፣ ውሃ አምጪልኝ።»

ገባኝ። ሲሚንቶው ገና አልያዘም። አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ጆንያ ቁራጭ ይበቃዋል፤ ሙልጭ ብሎ ይወርድ ነበር። ጀሪካኑ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ደጀኔ ያቦካበት ነው፣ እግሬ ሥር፣ ግማሹ ሙሉ።

አልተንቀሳቀስኩም።

«ውሃ አምጪልኝ፣ ልጄ» አሉ እንደገና።

መዝጋቢዋ እኔን አየችኝ። «የነዋሪውን ልስን ያለ ፈቃዳችሁ ማፍረስ አልችልም። ግን ከአባባ ሌላ ከነዋሪው አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ 'ከሥሩ ምልክት አለ፣ አይቻለሁ' ካለኝ እጽፈዋለሁ፤ ሰኞ አለቃዬን ይዤ መጥቼ እናስከፍተዋለን። አንቺ ወጣት ነሽ፣ የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ ብለውኛል አባባ። አለ?»

ሁሉም አየኝ። እትዬ ታየች በጉልበታቸው፣ ደጀኔ በነጫጭ እጁ።

«ምንም የለም» አልኩ። «ጋሼ አርጅተዋል። አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋቸዋል።»

ግንቡን መሸፈኔ አንድ ነገር ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ሙሉ አእምሮ ያለውን ሰው፣ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ከውሃ ያወጣኝን ሰው፣ በእንግዳ ፊት ጃጅቷል አልኩ።

መዝጋቢዋ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። «ይቅርታ፣ አባባ» ብላ ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው። እሳቸው በምርኩዛቸው ደረጃውን እየፈለጉ ብቻቸውን ወጡ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ከፍ አደረጉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። ሰኔ ገና መግባቱ ነበር፤ ያን ያህል ዝናብ ማንም አልጠበቀም። ላይኛው ሰፈር ቀድሞ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ሞልቶ ያገሳ ጀመር። ሁላችንም እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። ምን እንጠብቃለን? የጋሽ ሽፋን ድምፅ። እትዬ ታየች በርበሬያቸውን አልሰበሰቡም፤ «ሽፋ መቼ ጮኸና» አሉ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ጋሽ ሽፋ ደረጃው ጫፍ ላይ ካፖርታቸውን ደርበው ቆመዋል፣ እጃቸው ውስጥ መሮው አለ። ከልማድ ነው የወጡት።

ውሃው ግንቡን እየላሰ ይወጣል። ልስኑ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ባዶ።

«ጋሼ፣ ይጩኹ እንጂ! ደርሷል እኮ!» አልኩ።

«የት ደርሷል?» አሉኝ፣ ሳይዞሩ። «ንገሪኛ። የት ደረሰ?»

ያን ያህል ምላስ እያለኝ ቁልቁል ሮጥኩ፤ ስደርስ ውሃው በእትዬ ታየች በር ሥር ገብቶ ነበር። እሳቸውን በጀርባዬ አዝዬ አወጣኋቸው። ሁለት ጆንያ በርበሬ፣ ፍራሻቸው፣ የአንሶላ ሣጥናቸው ውሃ በላው። በርበሬው ወንዙ ላይ ቀይ ሆኖ ሲሄድ እትዬ ታየች አላለቀሱም፤ እኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ ግንቡን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሰኞ ንጋት ላይ፣ ውሃው እንደጎደለ፣ መዶሻና መሮ ይዤ ወረድኩ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ልስኑን አንሥቼ ግንቡን አጥቤ መዝጋቢዋን ልጠራት ነው ሐሳቤ። መሮውን ጫፉ ላይ ሰክቼ መታሁ። ሲሚንቶው በትልቁ ተላቀቀ። ደስ አለኝ። ከዚያ ግንቡን አየሁ።

ምንም የለም። የድንጋዩ ፊት ከሲሚንቶው ጋር ወርዷል። ነጭ፣ ትኩስ፣ የተላጠ ድንጋይ። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ ያው። ቀስ ብዬ ሞከርኩ፤ ያው። እያለቀስኩ ስደበድብ ኮቴ ሰማሁ።

«ተይው» አሉ ጋሽ ሽፋ ከላይ። «ድንጋዩ ለስላሳ ነው። አባቴ ለዚያ ነው ሁሉንም በጭቃ ያነሡት፤ ጭቃ ይለቃል። ሲሚንቶ አይለቅም። አርብ ዕለት ነበር የሚለቀው።»

ወርደው አልዳሰሱትም። መምጣታቸውም ለእኔ እንጂ ለግንቡ አልነበረም፤ እጄን እንዳልመታ ፈርተው ነው። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ከወደቁት ቁርጥራጮች አንዱን ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ መስመር አለ። ጎድጉዶ የነበረው ወጣ ብሎ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ሲሚንቶው ቀርጾ ይዞታል። እየለቀምኩ ፌስታል ሞላሁ፣ ታክሲ ይዤ መዝጋቢዋ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ፍየሏ ለሁለት ተሰብራለች።

«አለ ማለት ነው» አለች።

«አለ። ዋሽቼ ነው። አሁን ጻፊው።»

«እህቴ፣ እኔ የምመዘግበው ግንብ ላይ ያለውን ነው። በፌስታል የመጣውን ምን ብዬ ልጻፈው? ፍርስራሽ ነው።» ድምፅዋ ቁጣ የለውም፣ ድካም ነው ያለው። «አርብ ዕለት አንድ ቃል ነበር የጠየቅሁሽ።»

ድልድዩ ተመዘገበ። ቤታችን አልተመዘገበም። በዓመቱ ግሬደር መጥቶ በአንድ ጠዋት ከዳንቴሉ ጋር አስተኛው፤ የወዲያኞቹ ሁለት ቤቶችም ተከተሉት። እኛም በየዕጣችን ተበታተንን።

አሁን እናንተ «ተጸጽታ ቅርስ ወዳጅ ሆነች» ልትሉ ነው። አልሆንኩም። ሽንት ቤቴ ቤቴ ውስጥ ነው፣ በቁልፍ ይዘጋል፣ ደስ ይለኛል። እትዬ ታየች ምድር ላይ ያለ ቤት ደርሷቸው ከመሞታቸው በፊት ሦስት ዓመት ያለ ደረጃ ኖረዋል። ይሄንን እንደ ኃጢአት ቁጠሪው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም፤ ሰው ቅርስ ውስጥ እየተንፏቀቀ ይሙት የሚልም ካለ እሱ ይኑርበት። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልችልም። ሰው ሲጠይቀኝ ፈጥኜ መመለስ አልችልም። ሱቅ ውስጥ «አለ?» ሲሉኝ የማውቀውን ዕቃ ሄጄ በእጄ ነክቼ ነው «አለ» የምለው። ባልደረቦቼ ዘገምተኛ ይሉኛል። ክረምት ሲሆን ደግሞ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በማይደርስበት ቤት፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የሚጮህ ሰው እጠብቃለሁ። እናንተም ሰፈር በየክረምቱ ግንብ የሚጭር ሰው ካለ አትሳቁበት። ወይም ሳቁበት፤ ግን ውሃ አምጡ ሲላችሁ አምጡ።

ቁርጥራጮቹን አልጣልኳቸውም። አልጋዬ ሥር ነበሩ። ጋሽ ሽፋ ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖሩ ነበር። ለመሄድ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ባለፈው መስከረም አንዱን ቁራጭ በሻርፕ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ብቻቸውን ነበሩ። ገና ሳላንኳኳ፣ ከኮሪደሩ፣ «ዘነበች ናት» አሉ።

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ኮቴሽ አሁንም ከባድ ነው። ቁጭ በይ።»

አልተቀመጥኩም። ቁራጩን እጃቸው ላይ አኖርኩት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ መጀመሪያ መስመሩን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት፣ መጨረሻ ትንሿን እግር። እግሯ ላይ ቆዩ።

«ተገልብጣለች» አሉ።

«ተገልብጣለች፣ ጋሼ። ያን ዕለት ያልኩት...»

እጃቸውን አነሡ፣ አስቆሙኝ። ከውጭ አዛን ይሰማል። ቁራጩን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ወደ ማድ ቤቱ ጠቆሙ።

«የዐስር ሶላት ደርሷል፣ ታጥቤ ዉዱእ ማድረግ አለብኝ። እዚህ ፎቅ ላይ ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ ደርቋል፤ እታች ብቻ ነው ያለው። ውሃ አምጪልኝ።»

ጀሪካኑን አንሥቼ ደረጃውን ወረድኩ።